በክፍሌ የተቀመጥነው አውጫጭኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም ለሚስቴም ተናግሬው አላውቅም። አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ። ልታዝንልኝ ከሆነ ግን ከአሁኑ ተወው፤ የሚታዘንብኝ እንጂ የሚታዘንልኝ ሰው አይደለሁም።

ከድብ ባሕር ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። ልጆቹ ሂሳብ ሲባል አንገታቸውን ይደፉ ነበር። እኔ ደግሞ የሞተ ክፍል አልወድም። ስለዚህ አውጫጭኝን ክፍል አስገባሁት። በአገሩ ደንብ ንብረት ሲሰረቅ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው በስሙ አይናገርም፣ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይጠቁማል። እኔም ሰሌዳው ላይ ስሌት እሠራና አንድ ስህተት ሸሽጌ «ሌባው ካልተያዘ እረፍት የለም!» እላለሁ። ማየት ነበረብህ! አፋቸው ተከፍቶ የማያውቅ ልጆች ጆሮዬ ስር መጥተው «ሌባው የመቀነስ ምልክቱ ነው ብላለች ወፍ» ይሉኝ ጀመር። ዘዴው ሸጋ ነበር። ዛሬም ሸጋ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ክብ የምሠራበት ትልቁ የእንጨት ኮምፓስ ጠፋ። ትምህርት ቤቱ ሌላ አልነበረውም። መፈለግ ሲገባኝ ምን አደረግሁ? «አውጫጭኝ እንቀመጥ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ልጆቹ አይደሉም። ሌባ ሳይገኝ የሚነሡበት ቀን እንደሌለ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ፤ ታዲያ ያን ቀን እንዴት ባዶ እጃቸውን ይነሡ? ወፎቹ ተራ በተራ መጡ። ሁሉም ዓለሚቱን አሉ።

ዓለሚቱ ከሳንጃ ቆላ መጥታ አክስቷ ቤት የተጠጋች ልጅ ነበረች። ለምን እሷን አሉ? እንግዳ ስለሆነች ነዋ! ያን ጊዜ አልገባኝም ብል ውሸት ነው። ገብቶኛል። ገብቶኝም በሁሉም ፊት አስነሣኋት።

«ኧረ እኔ አይደለሁም፤ ምነው መምህር፣ ዝም ብለው ያዩኛል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

ኮምፓሱን ቤቴ አገኘሁት። የትምህርት መርጃ ልሠራበት ወስጄው ካርቶን ስር ረስቼው ኖሯል። ያኔውኑ መናገር እችል ነበር። ግን ከጎንደር ዘዴዬን ሊያዩ እንግዶች እየመጡ ነው፤ «በዚህ ጨዋታ ንጹሕ ልጅ አባርሬያለሁ» ብዬ ልቀበላቸው? ኮምፓሱን ሰብሬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። እንግዶቹ መጡ፣ ሳቁ፣ አጨበጨቡልኝ። እኔም እጅ ነሣሁ።

አክስቷ እትዬ ጥሩነሽ ደጄ ድረስ መጡ። «ሸጋ ልጅ ነበረች፤ ምነው እንዲህ አዋረደችኝ? ወደመጣችበት ልስደዳት ወይ?» አሉኝ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ምን ያልኩ ይመስልሃል? «ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሏት» አልኩ። ኮምፓሱን ያቃጠልኩት እኔ፣ ላልሰረቀችው ልጅ ይቅርታ ለመንኩላት! እሳቸውም ሰደዷት። ኋላ ሰሊጥ አጨዳ ገባች ሲሉ ሰማሁ፤ ስሌት ላይ ከእሷ የሚፈጥን ልጅ አልነበረኝም።

አሁን «ልጆቹ ናቸው የዋሹት» የሚለኝ ይኖራል። «የአገሩ ደንብ ነው» የሚለኝም ይኖራል። አልቀበልም! ልጆቹ ያስተማርኳቸውን ነው የሠሩት፤ ደንቡም ኮምፓስ አቃጥል አላለኝም። «እንግዲያው ጨዋታውን ተወው» የሚለኝንም አልሰማም። ጨዋታው ምን አጠፋ? አሁንም አውጫጭኝ እንቀመጣለን። አንዳንድ ቀን ግን ሰሌዳው ላይ ምንም ስህተት አልሸሽግም። ልጆቹ ይጨነቃሉ፣ አንዱ የመደመር ምልክቱን፣ ሌላው የእኩል ምልክቱን ይጠቁማል፤ እኔ ግን «እዚህ ሌባ የለም» ብሎ የሚነሣ ልጅ እስኪገኝ አልለቃቸውም። ባልደረቦቼ ይህን ከየት አመጣኸው ይሉኛል።

የፊታችን እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ሳይበተን፣ እትዬ ጥሩነሽ ባሉበት፣ የዓለሚቱን ስም ጠርቼ አልሰረቀችም እላለሁ። ኮምፓሱን የት እንዳደረስኩትም እናገራለሁ። በሰው ፊት ያዋረድኳትን በጓዳ ላነጻት አልችልም። ቢረግሙኝ ቆሜ እሰማለሁ፣ ከሥራዬ ቢያባርሩኝም እሄዳለሁ። ይቅርታ ግን አልለምንም። የምለምነውን ያን ቀን ደጄ ላይ በእሷ ስም ለምኜ ጨርሻለሁ።