ልብስ ሰፊዋ በተዘጉ ሱቆች ደጃፍ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መርፌ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ በመሀል ከተማው አሮጌ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት ሰፍተዋል። ገበያው ወደ አዲሶቹ ሕንፃዎች ሲሸሽ ግን በዙሪያቸው አሥራ አንድ ሱቆች ተዘጉ። የቀሩት ነጋዴዎች መንገዱን እናነቃቃ ብለው ማኅበር አቋቋሙና እሳቸውን ሊቀመንበር አደረጓቸው። አንዱ ጥበቃ ይቀጠር ሲል ሌላው ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ እንጻፍ እያለ፣ ሦስት ስብሰባ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ አለፈ። በአራተኛው እትዬ መርፌ ተነሡ።

«ሰው የሚሸሸው የተዘጋ በር እያየ ነው። እኔ ከነገ ጀምሮ እነዚያ በሮች ላይ እሰፋለሁ!»

ልጃቸው «እማዬ፣ በስተርጅና መሳቂያ ልትሆኚ ነው?» ብትላቸውም አልሰሟትም። በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናቸውን አሸክመው፣ የተዘጋውን ጫማ ቤት ደጃፍ ጠርገው ተቀመጡ። ደንበኞቻቸውም ተከትለዋቸው መጡ፤ ተራ ሲጠብቁ ጨዋታው ደራ። በሳምንቱ የጫማ ቤቱ ባለቤት ወሬውን ሰምቶ ከተፍ አለ።

«እትዬ፣ በሬ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ደንበኞችህን እየጠበቅሁልህ ነዋ!»

ሰውዬው ወረፋውን አየት አድርጎ ራሱን አከከ። በማግስቱ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ግድግዳውን ቀለም ሲቀባ ዋለ። እሳቸውም የስፌት መኪናቸውን አሸክመው ወደሚቀጥለው የተዘጋ በር ሄዱ።

ዓመት ሳይሞላ ስምንት ሱቆች ተከፈቱ። በዓመቱ ስብሰባ ላይ ፀጉር አስተካካዩ «የቀሩት ሦስቱስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምን ያስቸኩልሃል ልጄ? እግሬ እንደሆነ ገና አልደከመም።»