ሰው አገር ለጅጌ

ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላን ሳለ ልጄ ሰሚራ «እማ፣ ክረምቱን ሩዋንዳ ሄጄ በበጎ ፈቃድ ልሠራ ነው» አለችኝ። የጎረስኩትን ሳልውጥ «ደሞዙስ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከአፌ የወጣው የአባቴ ድምፅ ነበርና ደነገጥኩ።

አባቴ እንዲህ ሲለኝ እኔም በዕድሜ እሷን አክል ነበር። ታንዛኒያ ውስጥ ባለች አንዲት የገጠር መንደር፣ ከየአገሩ ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር ትምህርት ቤት ለመሥራት ተመርጬ፣ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ መንደሬ ወደ ጀውሃ ተመለስኩ። ፓስፖርቴ ወጥቷል፤ ትኬቱን ጋባዦቹ ችለውኛል። የቀረኝ የአባቴ እሺታ ብቻ ነበር። ያለ እሱ እሺታ ልሂድ ብል የሚይዘኝ አልነበረም፤ ግን አባቷ ዱዓ ያላደረገላት ልጅ ከቤት ወጣች ይባላል እንጂ ሄደች አይባልም።

ሰኔ እኛ ቆላ ላይ ክረምት አይደለም። ደጋው ጉም ለብሶ ከአናታችን ይታየናል፣ እኛ ታች እንጠበሳለን። የዋናው መንገድ ሬንጅ ጫማ ይይዛል፤ በየደጃፉ የተከመረው ማንጎ መንደሩን በሙሉ ያውደዋል። ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አባቴ ከመስጊድ ተመልሶ በረንዳው ላይ አረፍ ሲል ነገሩን አነሳሁ።

«ምን ልትሠሪ?» አለኝ።

«ትምህርት ቤት ልንገነባ።»

«ደሞዙስ?»

«ደሞዝ የለውም አባ። በጎ ፈቃድ ነው።»

«ፈቃዱማ የኔ ነው። እኔ ደሞ አልሰጠሁም።»

አልፈረድኩበትም። ያኔ ከመንደራችን ሴት ልጅ ሻንጣ ይዛ ወጣች ከተባለ ዓረብ አገር፣ ለቤት ሠራተኝነት ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ልጅ በደላላ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ከርሞ ነበር። በደሞዝ የሄደችው እንዲህ ከሆነች፣ ያለ ደሞዝ የምትሄደዋ ምን ልትሆን ነው? ቢሆንም አልተውኩትም። ጠዋት ጠየቅኩት፣ ማታ ጠየቅኩት፤ በሬ ሲያጠጣ እንኳ ተከትዬ ጠየቅኩት። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩ እናቴ ስለምታውቅ መሐላችን አልገባችም።

ያዳነኝ አንድ ቃል ነው። በጎ ፈቃድ ለአባቴ የቢሮ ቋንቋ መሆኑ ዘግይቶ ገባኝ። በእኛ አገር ደቦን ጅጌ እንለዋለን፤ የተጠራ ሰው ጎረቤቱን አግዞ ይመለሳል፣ ደሞዝ የሚባል ነገር አይነሳም።

«አባ፣ ጅጌ እኮ ነው» አልኩት። «የሰው አገር ሰዎች ጅጌ ጠርተውኝ ነው። ጅጌ ተጠርቶ የሚቀር ሰው ምን ይባላል?»

ጢሙን አሻሸ። ከዚያ «ለጅጌ የሚጠራ ሰው ሥራ ይችላል፤ አንቺ የለመድሽው እስክሪብቶ ነው። ሐሙስ ሽንኩርቱን ዝናብ ሳይቀድመኝ ላነሳ ሰው ጠርቻለሁ። ከሰዉ እኩል ከዋልሽ እንነጋገራለን» አለኝ።

ሐሙስ ገና ጎህ ሳይቀድ እርሻው ላይ ተገኘሁ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሥር እያገላበጥኩ ሳይ፣ ሽማግሌው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ «አንቺ ዩኒቨርሲቲ! ንቀዪው እንጂ አታንብቢው!» ብለው መስመሩን ሁሉ አሳቁብኝ። ረፋድ ላይ መዳፌ ተላጠ፣ ወገቤ የሰው ወገብ መሰለኝ። የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ ቀረበ፤ የማያሰክረውን የቤት መጠጥ፣ ቀሪቦውን፣ በላዩ ስጠጣበት እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ከምሳ በኋላ ሴቶቹ የሽንኩርቱን ቅጠል ሊቆርጡ ጥላ ሥር ሲገቡ እናቴ በዓይኗ ጠራችኝ። እንዳላየ ሆንኩ። ከወንዶቹ ጋር ጆንያ እየሞላሁ፣ እስከ መንገዱ ዳር እየተሸከምኩ፣ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ዋልኩ።

ሥራው አልቆ ሰዉ ለምርቃት ሲቀመጥ አባቴ ቆመ።

«ልጄ ዘይነብ ሰው አገር ጅጌ ተጠርታለች። ትምህርት ቤት ልትሠራ ነው። ዱዓ አድርጉላት።»

ጋሽ ሰይድ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፦ «አላህ በሰላም ያድርሳት፣ በሰላም ይመልሳት። ሥራዋን ዛሬ አይተናል።»

«አሚን!» አለ ሰዉ። እትዬ ዘሀራ አሚን ስትል ድምጿ ተሰበረ። መጥታ የተላጠውን መዳፌን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ አለቀስኩ።

ሄድኩ፣ ሠራሁ፣ ተመለስኩ። ለዓመታት ይህን ታሪክ ለሰው ስተርክ አባቴ የፈተነኝን ፈተና እንዴት እንዳለፍኩ እያልኩ፣ ትንሽም እየጎረርኩ ነበር። እሱ አሁን የለም፣ አላህ ይዘንለት፤ ልጠይቀው አልችልም። ከሰሚራ ጋር ምሳ ከበላን ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። አባቴ ሽንኩርት ነቃይ አላጣም። ልቡ እሺ ያለኝ ጅጌ ያልኩት ጊዜ ነው። ፀሐይ ላይ ያዋለኝ፣ ሰው እንዲያየኝ ነው፤ ከሄድኩ በኋላ ስሜን የሚያነሳ ሁሉ በገዛ ዓይኑ ስሠራ ያየኝ እንዲሆን።

ሰሚራ ትሄዳለች። እሺ ማለቴን ገና አልነገርኳትም። ቅዳሜ ጎረቤት በሙሉ ምሳ ተጠርቷል፤ ወጥ ሠሪዋም አስተናጋጇም እሷ ናት። ለምን እኔ ብቻ እያለች ታጉረመርማለች። ታጉረምርም።