እኩል ያልሆነው ማንገቻ

አክስቴ በመዋዕለ ሕፃናት ከሃያ ዓመት በላይ ስታስተምር ከአፏ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበር፤ እርሱም «እኩል!» የሚለው ነው። ጠዋት ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሲሰለፉ «እኩል ቁሙ!» ትላለች፤ ወረቀት ሲያጥፉ «ጠርዙን እኩል!» ትላለች። ስለዚህ ከልጆቹ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ ስሟን ትተው «እትዬ እኩል» ይሏት ነበር። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስቀጠቅጥ እውልና ማታ ከእሷ ዘንድ እገባ ነበር። ቤት ውስጥም ያው ናት፤ የመጋረጃው ሁለት ክንፍ በአንድ ጣት ከተበላለጠ ተነሥታ ሳታስተካክል አትቀመጥም።

የልጆቹን ሰልፍና መዝሙር የምትመራው በአኮርዲዮን ነበር። ከእሷ በፊት የነበሩት አስተማሪ ጡረታ ሲወጡ ትተውላት የሄዱት ነው፤ ጥቁር፣ ጥርሶቹ ወደ ቢጫ ያደሉ፣ ክብደቱ አሥር ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ። አያያዙን እንደ ትምህርት ነበር የምታውቀው። ከተጫወተች በኋላ ጥርሶቹን በደረቅ ጨርቅ ታብሳለች፤ አየር የሚስበውንና የሚተፋውን ወናፍ እጥፋት በእጥፋት በለስላሳ ብሩሽ ትጠርጋለች፤ መያዣዎቹን ቆልፋ በእግሮቹ አቁማ ሳጥኑ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የአየር መልቀቂያውን ቁልፍ ሳይጫኑ ወናፉን መዝጋት በእሷ ዘንድ የሰው አፍ እንደ ማፈን ነው።

አንድ ቀን ሳጥኑ ሻግቷል ብዬ አኮርዲዮኑን እንደ ፍራሽ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እየሮጠች መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነፋስ ይንካው ብዬ ነው፣ አክስቴ።»

«ነፋስማ የራሱ አለው! ውስጡ ያሉት የብረት ምላሶች የተጣበቁት በሰም ነው። ሰሙ ቀልጦ ምላሱ ቢረግፍ፣ ነገ አንቺ ቆመሽ ትዘምሪላቸዋለሽ?»

ድምፄን አውቀዋለሁና ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም።

ይህ የማወራው ነገር በሆነበት ዓመት የአክስቴ ቀኝ ትከሻ መታመም ጀመረ። መጀመሪያ ደበቀችው። ሰሌዳው ላይ ከፍ አድርጋ መጻፍ ሲያቅታት ዝቅ አድርጋ መጻፍ ጀመረችና «ለልጆቹ ቁመት እንዲመች ነው» አለች። በኋላ ግን ማበጠሪያ ማንሣት አቃታት፤ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የማበጥራት እኔ ሆንኩ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ትከሻዋን አገላብጦ አየና ሥራዋን ጠየቃት። ሰምቶ ሲያበቃ «ወይ እርስዎ ይህን ዕቃ ያስቀምጡ፣ ወይ እሱ እርስዎን ያስቀምጥዎታል» አላት።

ርእሰ መምህርቷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ቴፕና የድምፅ ማጉያ አስገዝታ ቢሮዋ ውስጥ አኖረችና አክስቴን ጠርታ እንዲህ አለቻት፦ «እትዬ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሚመጣውን ዓመት መርሐ ግብር የዚያን ዕለት እጽፋለሁ። እርስዎ ይጫወታሉ ካሉ እርስዎን፣ ካልቻሉ ቴፑን። እየተሠቃዩ ማየት አልፈልግም።»

አክስቴ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ቴፑ ምን ይለዋል?» አልኳት ላጽናናት ብዬ። «እረፍት ነው።»

«ቴፑ ልጅ ይጠብቃል?» አለችኝ። «ከሰልፉ ኋላ የምትቀር አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ እግሯ ቶሎ አይነሣላትም። እኔ እሷን እያየሁ ዜማውን አስረዝመዋለሁ፤ ማንም ሳያውቅባት ትደርሳለች። ቴፑ ግን ጥሏት ይሄዳል። ለዚህ ነው እንጂ እኔማ ማረፍ ጠልቼ መሰለሽ?»

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ቀጥኖ ትከሻዬን ቆርጦኝ ይሆናል ብላ አዲስ ልትገዛ ተነሣች፤ እኔም አኮርዲዮኑን ተሸክሜ ተከተልኳት። የሙዚቃ ዕቃ መደብሩ ሻጭ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ቀልጣፋ ጎልማሳ ነበር። ቀይ፣ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ማንገቻ ከመስኮቱ አወረደ።

«እናቴ፣ ይህን ይውሰዱ። ከሩቅ ነው የሚታየው!»

«መቼ ወለድኩህ? ደግሞ እኔ የሚሸከም እንጂ የሚታይ አልጠየቅኩም።» የማንገቻውን የውስጥ ስፖንጅ በሁለት ጣቷ ጨመቀችው፤ ተጨፍልቆ ቀረ። «ይኸው፣ ከአሁኑ ሞተ።»

ሻጩ የጨርቅ ቦርሳም አሳያት፤ ከእንጨቱ ሳጥን እንደሚቀል እየማለ። እሷም አገላብጣ አይታ መለሰችለት። «ይቀላል፤ እውነትህን ነው። ከደረጃ ቢወድቅብኝ ግን የማነሣው ሬሳ ከነመገነዣው ነው።» ሻጩ ስቆ እጁን አነሣ። ከእሱ የገዛችው ሁለቱን ማንገቻ ከጀርባ የምታያይዝ አጭር ቀበቶ ብቻ ነበር። «ሰፊ ማንገቻ ከፈለጉ ከወዲያኛው መንገድ ኮርቻ ሠሪው ጋ ይሂዱ» አላት።

ኮርቻ ሠሪው መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ መቁረጫዎች በተርታ ተሰቅለዋል። ተርታውን ስታይ የአክስቴ ፊት ፈካ።

«ሁለት ማንገቻ እፈልጋለሁ፣ አባባ። ስፋቱ አራት ጣት፣ ውስጡ ሱፍ የተጠቀጠቀ፣ ቁመቱ ደግሞ ፍጹም እኩል።»

ሽማግሌው አሮጌውን ማንገቻ ተቀብለው ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህን የቀየረው ማን ነው?»

«የቱን?»

«የግራው ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ፣ የቀኙ አምስተኛው ላይ ለብዙ ዘመን ታስሮ ኖሯል። ቆዳው እጥፋቱን አልረሳም። በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ሁለቱንም አራተኛው ላይ አደረጋቸው።»

«እኔ ነኛ!» አለች አክስቴ በኩራት። «በተረከብኩት ቀን ነው ያስተካከልኩት። የቀድሞው አስተማሪ ዓይናቸው ደክሞ ነበር መሰለኝ፣ አበላልጠው ትተውት ሄዱ።»

«እስኪ ይልበሱትና ይጫወቱ።»

ተጫወተች። ሽማግሌው ዜማውን ትተው በጀርባዋ ዞሩና ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ትከሻዋን ተመለከቱ።

«በምንዎ ነው የሚጫወቱት?»

«በጣቴ ነዋ!»

«ትከሻዎ ይህን አልሰማም። ጆሮዎ ድረስ ወጥቷል።» ቀጠሉና «የዕቃው ግራና ቀኝ እኩል ነው?» አሏት።

«አይደለም። ግራው ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ቀኙ ባለበት ይቆማል።»

«ታዲያ እኩል ላልሆነ ጭነት እኩል ማሰሪያ ማን አዘዘልዎ? መምህርት፣ ሸክም ይመዘናል እንጂ አይለካም። ግራው አጠር ብሎ ክብደቱን ይያዘው፤ ቀኙ ላላ ብሎ ክንድዎን ይልቀቅ። የእኚያ አስተማሪ ዓይን ደኅና ነበር።»

 «እትዬ እኩል!» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ አመለጠ። ዞራ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሆዷን ይዛ፣ አኮርዲዮኑም አብሯት እየተንቀጠቀጠ ሳቀች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። በገዛ እጄ አስሬ ሃያ ሦስት ዓመት በገዛ ትከሻዬ ከፈልኩ» አለችኝ። ሳቋ ሲበርድ ደግሞ «እኚያን ሰውዬ በሆዴ አምቻቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ» ስትል ሰማኋት።

አዲሱ ማንገቻ በሳምንቱ ደረሰ፤ የቀኙ ከግራው በሁለት ጣት ይረዝማል። ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ስታየው ግን አላስችል አላት። አንድ ጊዜ ከሥራ ስገባ እጇ ዘለበቱ ላይ ሳለ ደረስኩባት።

«አክስቴ!»

«አልነካሁትም! እጄ ራሱ ሄዶ ነው።» በማግሥቱ መርፌና ወፍራም ክር አምጥታ ዘለበቱን ከነማንገቻው ሰፋችው። ምነው ስላት «ከራሴ ልጠብቀው» አለች።

ትምህርት በሚዘጋበት ዕለት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ርእሰ መምህርቷ መርሐ ግብሩን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ቴፑም በአጠገቧ ተሰክቶ ይጠብቃል። አክስቴ አኮርዲዮኑን አነገተች። የመጀመሪያውን መዝሙር ስትጫወት ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ዐየሁት። ሁለተኛውንም ተወጣችው። ሦስተኛው መካከል ላይ ግን ግንባሯን አላበው፤ የሃያ ሦስት ዓመት ሕመም በሁለት ሳምንት ተጠቅልሎ አይሄድም። ጣቶቿ ቆሙ። ርእሰ መምህርቷ ወደ ቴፑ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ ልጄ» አለች አክስቴ። ከዚያ ለዘበኛው «እባክህ ወንበር አምጣልኝ» አለችው።

አክስቴ ልጆች ፊት ተቀምጣ አታውቅም፤ መምህር ይቆማል ባይ ነበረች። ዘበኛው ወንበሩን ሲያመጣ ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ተቀመጠች፤ ክብደቱ ከትከሻዋ ወደ ጭኗ ወረደ። የቀኝ ክንዷ ሲለቀቅ፣ ያቋረጠችውን ዜማ ካቆመችበት ቀጠለችው። ልጆቹ ግቢውን በሰልፍ ዞረው እየጨረሱ ነው። ከኋላ የቀረችው ትንሽ ልጅ አንድ እግሯን እየጎተተች ትመጣለች፤ ወናፉም ቀስ ብሎ እየተዘረጋ አንዷን ድምፅ ይዞ ቆየላት። ልጅቷ ደርሳ ቦታዋን ስትይዝ ወናፉ ተከደነ።

ርእሰ መምህርቷ ከደረጃው ወረደች።

«እትዬ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አኮርዲዮን ብለሽ ጻፊ» አለች አክስቴ፣ ላቧን በመዳፏ እየጠረገች። «ከጎኑም ወንበር ጨምሪበት።»

እሷም ጻፈች። አክስቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተጫወተች፤ ጥቂቱን ቆማ፣ የሚበዛውን ተቀምጣ።