ጋሽ በራሶን በባዶ እጁ አትለጥፉት

አላምንም። ጠዋት ፎቶ ቤቴን እየከፈትኩ ስልኬ ሲንጫጫ የማን ልደት ነው ብዬ ነው ያየሁት። ጋሽ በራሶ አረፈ ይላል። የኛ ጋሽ በራሶ! ከትናንት ወዲያ እኮ በደጄ ሲያልፍ "አንቺ፣ ዛሬም አስቀያሚውን እያሳመርሽ ነው?" ብሎኝ ተሳስቀን ነው የተለያየነው።

ኮመንቱን ሳነብ ደሜ ስለፈላ መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። እባብ አይደለም የገደለው! ደም ግፊት ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ቁርሱን እየበላ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጓሮ የገባ እባብ ሲያወጣ የኖረ ሰው አንድም ቀን ተነድፎ አያውቅም። አንድም ቀን!

ለማታውቁት፣ ጋሽ በራሶ ማለት እዚህ ዲላና ዙሪያዋ እንሰት ስር እባብ ያየ ሁሉ የሚደውልለት ሰው ነው። ጫፏ ለሁለት የተከፈለ ረጅም ዱላውንና ክዳን ያላትን ባልዲ ሞተሩ ላይ አስሮ ይመጣል። አይገድልም፣ ይዞ ጫካ ወስዶ ይለቃል። "ግደለውና እንገላገል" ያለውን ሰው "አይጥህን አንተ ልትበላት ነው?" ይለዋል።

እኔ ያወቅኩት ተማሪ ሆኜ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ነው። እባቡ ከውሃ ሮቶው ጀርባ ገብቷል፣ አከራያችን ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ትጮኻለች፣ እኛ እርስ በርስ እንገፋፋለን። እሱ መጣ፣ "ዝም በሉ፣ እሱም ፈርቷል" አለን፣ ዱላውን ሰደደ፣ አለቀ! የስልኬን ካሜራ እስክከፍት ባልዲው ተከድኗል። ተናድጄ "ጋሼ፣ አውጣውና በእጅህ ይዘኸው ላንሳህ" አልኩት።

"እጄ ምን አደረገሽ?" አለኝ።

ጸጋ አለው የሚሉት ብዙ ነበሩ። አንዴ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ ሰው ፊት በእጅህ ያዝልን ብለው ሲለምኑት ሰምቻለሁ። "የኔ ጸጋ ዱላዬ ናት" ብሏቸው ሄደ። ይቺን ቃል ስንቴ እንደሰማኋት!

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። ዛሬ ሁላችሁም ሻማ አድርጋችሁበት የምትቀባበሉት፣ በባዶ እጁ እፉኝት ይዞ የሚታይበት። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።

ኢዲዶ የምትባል የቡና መንደር ነው፣ በቡና ወቅት። ከቡና ማድረቂያው አልጋ ስር እፉኝት የናይለን መረብ ውስጥ ተተብትባለች። በዱላ ብቻ የማትፈታ ሆነች። ሚስቱ እትዬ ማርታ እዚያው ቡና እየለቀመች ነበር። መጥታ ዱላውን ተቀበለችውና የእፉኝቷን አንገት መሬት ላይ ያዘችለት። እሱ ከጭንቅላቷ ኋላ በጣቱ ይዞ መረቡን በመቀስ መቁረጥ ጀመረ። እኔ ልቤ አፌ ላይ ደርሷል፣ እነሱ ዶሮ እንደሚያርዱ ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ!

"ጠበቅ አድርጊ ማርታ!"

"ይዣለሁ አልኩህ! አንተ ዝም ብለህ ቁረጥ!"

ስትፈታ የነበረው ጭብጨባ! ዛሬም ሳስታውሰው ፀጉሬ ይቆማል።

ፎቶ ቤት ስመለስ ግን ዱላው ምስሉን ለሁለት ከፍሎታል፣ የእትዬ ማርታ ሻሽ ጥጉን ይዞታል። አላማረኝም። ሁለቱንም ቆረጥኳቸው። የቀረው ሰውዬው፣ ባዶ እጁና እፉኝቷ ብቻ። "ፍርሃት የማያውቀው ሰው" ብዬ ለጠፍኩት። ማታውኑ አገር ምድሩ ሲቀባበለው በደስታ ልበር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የወናጎ ባጃጅ ሹፌር እንደዚያው ልነሳ ብሎ እባብ በእጁ ያዘ። ነደፈው። ተረፈ፣ ግን ሁለት ጣቱን አጣ። ሞተሩ ላይ ጭኖ ሐኪም ቤት ያደረሰው ጋሽ በራሶ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ። አልጮኸብኝም። ዱላዋን ባንኮኒዬ ላይ አጋደማትና "ይቺን የት ጣልሻት? ማርታንስ?" አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ያንኑ ቀን አጠፋሁት፣ ግን አንዴ ወጥቷል። ወገኖቼ፣ እባካችሁ አውርዱት። ውሸቱ የኔ ነው፣ እሱን በኔ ውሸት አትቅበሩት። ነገ ያን አይቶ እጁን የሚሰድ አይጠፋም።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ የእድራቸው ጸሐፊ የለቅሶውን ባነር ላሳትም ብሎ ያንኑ ፎቶ ይዞ መጣ። "ሰው የሚያውቀው በዚህ ነው" አለኝ። ያልተቆረጠውን ከኮምፒውተሬ አውጥቼ አሳየሁት። ደነገጠ።

"እትዬ ማርታ አለችበት እኮ! በሕይወት ያለ ሰው ለቅሶ ባነር ላይ? ሟርት ነው፣ ቁረጫት!"

"ሁለተኛ አልቆርጣትም" አልኩት። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ተያይዘን ለቅሶ ቤት ሄድን። እትዬ ማርታ ዓይኗ አብጦ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ፎቶውን ከስልኬ ላይ ብዙ አየችው። ጸሐፊው ሟርቱን ደገመላት።

"አትቁረጪኝ" አለች። "ያኔ ዱላውን ባልይዝለት ኖሮ ይሄ ባነር ያኔ ነበር የሚታተመው።"

ጸሐፊው ወደኔ ዞሮ "በይ እንዳለ አትሚው" አለኝ።

ጋሼ፣ ባነርህ አሁን እየታተመ ነው። ፊትህ ትንሽ ሆኖ ነው የወጣው፣ ዳር ዳሩን ቆርጬ ላቀርበው እጄን በላኝና ተውኩት። ዱላዋ መሃል ላይ ናት። ማርታህ ዳር ላይ ናት፣ አፏን ከፍታ እየተቆጣችህ። ያን ጊዜ ይቅርታ ስልህ "እሷን ጠይቂ" ብለኸኝ ነበር። ዛሬ ጠየቅኳት፣ ግንባሬን ሳመችኝ። ነገ የሚሸኝህ ሰው ሁሉ ያን ቀን ብቻህን እንዳልነበርክ ያያል።

ደህና ሁን፣ ጋሼ።