ሽታ የሌለው ናፍጣ

እቴቴ የጭነት መኪናውን ስትገዛ ካምፓላ ውስጥ ካባላጋላ በሚባል ሰፈር ካለው ምግብ ቤቷ በቀር ምንም አልነበራትም። ለዓመታት ጥብስና ሽሮ ሸጣ ያጠራቀመችውን ሁሉ ከእንግሊዝ አገር በመጣ፣ ከሰው እጅ በተገዛ ነጭ መኪና ላይ አዋለችው። ሲሚንቶ ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ በቆሎ ይዞ ይመለሳል ብላ ነበር ያሰበችው። እኔ ያን ጊዜ ለምግብ ቤቱ እቃ እገዛላት ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣም እተረጉምላት ነበር።

ሾፌሩን የመረጠችው ራሷ ናት። ሁላችንም አቦይ የምንላቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። ወጣትነታቸውን በአሰብና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨርሰውታል። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ትግርኛ የሚቀላቅሉት ሲናደዱ ወይም ሲያቆላምጡ ነው። ካምፓላ ከገቡ ጀምሮ ግን ለዚያ ዕድሜ መኪና የሚሰጥ ሰው አላገኙም። በምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው እየለዩ፣ የዚህ ማርሽ ሊሄድ ነው፣ የዚያ ፍሬን አልቋል እያሉ ይውሉ ነበር።

እቴቴ ቁልፉን ስትሰጣቸው እኔም ነበርኩ።

"አቦይ፣ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው" አለቻቸው። "በእርስዎ እጅ ከተበላሸብኝ ለአገሬው ሾፌር እሰጠዋለሁ። እንዳይቀየሙኝ።"

"ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔ መኪና ነድቼ እንጂ ቀብሬ አላውቅም" አሏት። የመኪናውን ቁልፍ በደረት ኪሳቸው ከተው ኪሱን ቆለፉት።

በመጀመሪያው ቀን ናፍጣ ለመሙላት ቡኮቶ ወዳለ ትልቅ ማደያ ሄድን። አቦይ ወረዱና ቀጂዋን መዳፋቸው ላይ ጥቂት እንድታንጠባጥብላቸው በምልክት ጠየቋት። ልጅቷ ሳቀች፤ ግን አንጠባጠበችላቸው። በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይሄ ናፍጣ አይደለም፤ ውሃ ነው" አሉ።

"በምን አወቁ?"

"አይሸትም። የማይሸት ናፍጣ ጉልበቱን የሰረቁት ነው። ና እንሂድ።"

ነገሩ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። በእሳቸው ዘመን በአሰቡ መንገድ በረሃ ናፍጣ ከበርሜል ነበር የሚገዛው። ሻጩ ላምባ ይቀላቅልበታል፣ ሲብስም ውሃ ይጨምርበታል። ሾፌሩ ከአፍንጫው ሌላ ዳኛ የለውም። ሽታው ከከረፋ ንጹሕ ነው፤ ከላላ ተበርዟል። በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት ነድተው መንገድ ላይ ቀርተው አያውቁም።

ስለዚህ የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ሜዳ ዳር በበርሜል ወደሚሸጥ ሰው ወሰዱኝ። ሽታው ገና ሳንደርስ ተቀበለን። አቦይ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱና ፊታቸው በራ።

"ይሄ ነው! ከነነፍሱ ያለ ናፍጣ!"

የነዳጅ መሙያውን ክዳን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከክዳኑ ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች። ድኙ እጅግ ከተቀነሰ ናፍጣ በቀር ሌላ እንዳይሞላበት ትላለች። ድኝ መኪናን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፤ ቢሆንም አነበብኩላቸው።

"ወደይ፣ ልጄ" አሉኝ፣ ጀሪካኑን ከፍ አድርገው እየቀዱ፣ "የእነዚያ አገር ሰዎች ምግባቸውንም ያለ ጨው ነው የሚበሉት። መኪናው ግን አሁን እኛ ቤት ነው ያለው።"

አባባሉ ጣመኝ። የሲሚንቶ ማዘዣው ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ግጥም እየጻፍኩ በራሴ እማር ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ክርክሩን ጥዬ ቃሉን ይዤ እሄዳለሁ። ስለ ወረቀቷ ዳግመኛ አላነሳሁባቸውም።

አምስት ሳምንት ያህል ደህና ተሠራ። ከዚያ ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት በራች፤ በነጠብጣብ የተሞላ ሳጥን የሚመስል ሥዕል አላት። አቦይ አንድ ቀን ሙሉ ታገሷት። በማግስቱ የቁስል ፕላስተር ቆርጠው ለጠፉባት።

"ዓይኔን ትወጋኛለች" አሉ።

እኔ መብራቷንም፣ ፕላስተሩንም አየሁ። ለእቴቴ አልነገርኳትም። ብነግራት አቦይን ወደ በረንዳው እንደምትመልሳቸው አውቄ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሲሚንቶ ጭነን የንሳምብያን ዳገት ስንወጣ መኪናው ትንፋሽ አጠረው። አቦይ ነዳጅ ይረግጣሉ፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን ሰው በእግሩ ከሚሄደው ያንሳል። ከኋላችን ታክሲዎች ጡሩምባቸውን ለቀቁብን። አንድ ቦዳ የሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ነጂ በመስኮቱ በኩል ተጠጋን።

"ምዜ፣ አይዞህ ሽማግሌው! ሆስፒታሉ እዚያ ላይ ነው፤ ትንሽ ግፋ!"

ከኋላው የመጣው ሌላ ነጂ ደግሞ "ሲሚንቶውን አንድ አንድ ከረጢት እያደረግሁ ላድርስልህ?" አለ።

አቦይ ዳገቱን ብቻ ያያሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። በትግርኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ለመኪናው የሆነ ነገር ነገሩት፤ ትርጉሙን አልጠየቅኩም።

እየተጎተትን አንድ ጋራዥ ገባን። መካኒኳ ኡጋንዳዊት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። ኮምፒውተሯን ከመኪናው ጋር አገናኘች። ፕላስተሩን ስታይ ምንም ሳትል በጥፍሯ ላጠችው። ከዚያ ከሥር ገብታ ከማርሚታው ውስጥ የማር እንጀራ የመሰለ ከባድ ነገር አወጣች። ቀዳዳዎቹ በጥቀርሻ ተደፍነዋል። የነዳጁን ክዳን ከፍታ አሸተተችና ራሷን ወደ ኋላ ሳበች።

ያን ጊዜ የደወልኩላት እቴቴ በቦዳ ደረሰች፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። መካኒኳ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ይሄ ፊልትሮ ጭሱን ያጠምዳል፣ ያጠመደውንም እየቆየ ራሱ ያቃጥለዋል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ግን ይሄን ማቃጠያ ይመርዘዋል። ናፍጣው እንዲህ የሚከረፋውም በአብዛኛው ከድኙ ነው። አሁን ታጥቦ ሊድን ይችላል። ሁለተኛ ከተደፈነ ግን አይድንም፤ እዚህ አገር ምትኩን ማግኘትም ከባድ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለልኩ። እቴቴ ግን ፊቴን እያየች ነበር።

"ያስቀረኸውንም ተርጉመው" አለችኝ።

"ይሄን ናፍጣ የመረጠ ሰው ዳግመኛ ነዳጅ ባይገዛ ይሻላል አለች።"

አቦይ የደረት ኪሳቸውን ፈቱ።

"የመረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ልጁ ወረቀቱን አንብቦልኝ ነበር። እኔ ነኝ አልሰማም ያልኩት።" ቁልፉን አውጥተው ከፊልትሮው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

እቴቴ ቁልፉን አየችው፤ አላነሳችውም። መካኒኳ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሽማግሌው ናፍጣ የሚመርጡት በማሽተት እንደሆነ፣ አሁን ሥራቸውን እያስረከቡ እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሄዳ በሦስት የጠርሙስ ክዳን ናፍጣ ይዛ መጣች።

"ምዜ ይለዩልኝ እስቲ።"

አቦይ ደስ አላላቸውም። ቢሆንም ጎንበስ አሉ፤ ተራ በተራ አሸተቱ።

"ይሄ ከእኛው መኪና የተቀዳ ነው" አሉ። "ይሄ ያ ውሃው ነው። ሦስተኛው" እንደገና አሸተቱት፣ "ሦስተኛውን ሁለቱን ቀላቅላ ነው ያመጣችው። ሽማግሌ ልታሞኝ።"

ተረጎምኩላት። መካኒኳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስተኛውን በእርግጥም ከሁለቱ ቀላቅላ ነበር።

"አፍንጫቸው ከኮምፒውተሬ አያንስም" አለችኝ። "ችግሩ የሚወዱት ነገር ነው።"

ይሄን ምንም ሳልዘል ተረጎምኩ።  እቴቴ ሽርጧን ፈትታ እጇን ጠረገችበት።

"እንግዲህ አቦይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚያስጠላዎትን ይግዙ።"

"ምን?"

"አሽትተው ደስ ካለዎት ይለፉት። ካስጠላዎት ያስሞሉት። ይሄን ከቻሉ ቁልፉን ያንሱ። ካልቻሉ እዚያው ይቀመጥ።"

"የጠላሁትን? ዕድሜ ልኬን የሸሸሁትን?"

"አዎ።"

"ጓለይ፣ አንቺ እኮ ሹፍርና ሳይሆን ትዳር ነው የምትሰጪኝ።"

እቴቴ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። አቦይ ግን አልሳቁም፤ ቁልፉንም አላነሱም። ፊልትሮው እስኪታጠብ ድረስ በአንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። እዚህ ሮሌክስ የሚሉትን፣ እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ ገዛሁላቸው። ቂጣውን ፈትተው እንቁላሉን ለብቻው በሉ።

"ባለቤቴ በሕይወት ሳለች" አሉኝ፣ "ከመንገድ ስገባ ልብሴን አውጥታ ደጅ ትሰቅለው ነበር። አምስት ጊዜ ታጥቦም ናፍጣ ይሸታል። ስትቆጣ ዕቃ ትወረውራለች። አንድ ዓመት መኪና አጥቼ ቤት ዋልኩ፤ ልብሴ መሽተት ሲተው ማልቀስ ጀመረች። ያልሸተተ ለት እንጀራ የለም ማለት ነው።"

  መካኒኳ ናፍጣውን ለውጣ፣ ፊልትሮውን መልሳ ገጥማ ከሥር ስትወጣ አቦይ ተነሡ። ጠረጴዛው ጋ ሄደው ቁልፉን አነሡና ለማንም ሳይናገሩ ወደ መሪው ወጡ። ሞተሩን ሲያስነሱት ከማርሚታው ምንም ጭስ አልወጣም። ወደ ኋላ በሚያሳየው መስተዋት ሁለቴ ተመለከቱ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ወደ ሰሜን ሲሄዱ እኔ አልሄድኩም። ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤት ሆኜ ስልኬ ጠራ፤ አቦይ ናቸው።

"ጉሉ ደርሻለሁ" አሉ። "ሁለት የሚሸጡ አሉ፣ ፊት ለፊት። የአንደኛው እንደ ሽቶ ነው። እንዴት ያለ ናፍጣ መሰለህ! የሌላኛው ምንም የለውም።"

እቴቴ ሰሃን ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር። ስልኩን ወደ እሷ አስጠጋሁት። በስልኩ ውስጥ የሌሎች መኪኖች ድምፅና የአቦይ ትንፋሽ ይሰማኛል።

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ያስጠላኝን" አሉና ዘጉት።