ያልታየው ጥልፍ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሜሮን አሮጌ የፎቶ አልበሜን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስልኳን ከገጽ ገጽ ስታዞር ዋለች። ጥቁርና ነጭ የነበረውን ፎቶ ስልኩ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለ ቀለም ያደርገዋል። እኔ መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ ስድስት ሰባቱን ቀብታ ጨርሳለች።

"አባባ፣ ይሄን እየው!" አለችኝ። የዛሬ ልጆች አያታቸውን አንተ ይላሉ። መጀመሪያ ይከነክነኝ ነበር፤ አሁን ግን ለምጄው፣ እርስዎ ብትለኝ የተቀየመችኝ ይመስለኛል።

ተቀብዬ አየሁት። የእንጦጦ ቁልቁለት ነው። በግራና በቀኝ አደይ አበባ፣ መሐል ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የምትወርድ ልጅ። አበባውን ስልኩ ቢጫ አድርጎታል፤ እዚያ ላይ አልተሳሳተም። ቀሚሷን ግን ፈዛዛ ሰማያዊ ቀብቶታል።

"ቀሚሷ ነጭ ነበር" አልኳት።

"እንዴት ታስታውሳለህ? ስንት ዓመቱ ነው እኮ!"

"ተጽፎ ተቀምጧል" አልኩና ታሪኩን ነገርኳት። እዚህ የማሰፍረው ለእሷ የነገርኳትን ነው፤ አፍሬ የዘለልኩትንም ጨምሬ።

ነገሩ በአምሳዎቹ ነው። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዳገቱ ሥር ነበር። አባታችን ከየካ ተራራ ጀርባ መሬት ያርስ የነበረ ሰው ነው፤ ከተማ ገብቶ የአንድ ፈረንጅ አትክልተኛ ሆነ። ከብቶቹን ሸጦ ቢመጣም ቀለማቸውን ይዞ መጥቷል። ከእናታችን ጋር በኦሮምኛ ሲጨዋወቱ ያቺ ዳለቻ፣ ያ ቡሬ፣ ያ ጉራቻ ሳይል አይውልም። ግራጫዋን፣ ዝንጉርጉሩንና ጥቁሩን ማለቱ ነው። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ከላይ ጎንበስ ብለው የሚያዩበት የሳጥን ካሜራ ሰጠው። አባቴ ደግሞ "ትምህርት የጨረስከው አንተ ነህ" ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ ገልባጭ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም ነበር።

ስንዱ ታናሽ እህቴ ናት፤ በሦስት ዓመት እበልጣታለሁ። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ባለሙያ ዘንድ ጥልፍ ትማር ነበር። ክር ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያያት ይደክመው ነበር። ቀይ ክር ሲያወጣላት "የትኛው ቀይ?" ትለዋለች። "ቀይ ቀይ ነው እንጂ ምን የትኛው አለው!" ይላል ሰውየው። እሷ ግን የቃሪያ ቀይ አለ፣ የጡብ ቀይ አለ፣ የዶሮ ኩክኒ ቀይ አለ እያለች ሳጥኑን ሁሉ ታስገለብጠዋለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስወጣ ነጠላዋን አጣፍታ ትከተለኛለች። አንዳንዴ ወደ ቀበና ወንዝ እንወርዳለን፣ አንዳንዴ እስከ የካ ሚካኤል እንሄዳለን። አቅም ያገኘን ዕለት እስከ ላምበረት እንዘልቃለን። ዛሬ አውቶቡስና ተሸካሚ የሚተራመስበት ላምበረት ያን ጊዜ እውነትም ላም የሚታይበት ሜዳ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ እየቆረጠምን፣ እሷ እያየች እኔ እያነሳሁ እንዞራለን። አዎ፣ የምታየው እሷ ነበረች። ያን ጊዜ ብጠየቅ ግን እኔ ነኝ እል ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ያንን ቆርቆሮ እየው፤ ዝናቡ ሲመታው ቀላ ብሎ ዳማ ሆነ" ትለኛለች። የአባታችንን የከብት ቀለም ሁሉ ለከተማው አድላው ነበር። እርጥብ አስፋልት ጉራቻ ነው፣ ኖራው የተላጠ አጥር ቡሬ ነው፣ የደረቀ ጭቃ አመድማ ቡላ ነው። እኔ እንደ ትልቅ ሰው ጢሜ የሚበቅልበትን ቦታ እየዳበስኩ አሰላስልና የካሜራዬን ቁልፍ እጫናለሁ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀለሙን የምትጽፈው በደብተር ነበር። አራት ኪሎ አጠገብ ፊልማችንን የሚያጥቡልን ጋሽ በቀለ የሚባሉ ባለ ፎቶ ቤት ነበሩ። እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥመው፣ ቀለም እያጠቀሱ ፎቶ ይቀባሉ፤ የሙሽራን ከንፈር፣ የመኮንንን ሪባን። ስንዱ "አንድ ቀን ሁሉንም እናስቀባቸዋለን፤ ያን ጊዜ ሲጠይቁን ምን ልንል ነው?" ትልና በእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ትይዩ ቀለሙን በእርሳስ ታሰፍራለች።

ሰው ግን አላነሳም ነበር። አንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው፤ እኔም ኩራተኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሰው ካሜራ ሲያይ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፍርድ እንደሚሰማ ሰው ይቆም ነበር። ያ አይጥመኝም። በር፣ ግድግዳ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የተደረደረ ቃሪያ አይደርቁብኝም፤ እነሱን አነሳለሁ። ስንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ "እኔንስ?" ብላኛለች። "አንቺን ዕለት ዕለት አይሽ የለ እንዴ! ፊልም አይባክንም" ብዬ አሹፌባታለሁ። እሷም አብራኝ ስቃለች።

በዚያ ዓመት ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀሚስ ስትጠልፍ ከረመች። ከደረቱ ጀምሮ እስከ ታች የሚወርድ መስቀል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትወጋለች፣ ትስባለች፣ አልጥም ሲላት ትፈታዋለች። የጨረሰችው መስከረም ከገባ በኋላ ነው። ለማርያም በዓል እንጦጦ እንውጣ አለችኝ፤ ወጣን።

ዳገቱን በባሕር ዛፉ መሐል ስንወጣ ጭቃው ገና አልጠነከረም ነበር። ጫማዋን እንዳይነካባት አውልቃ በእጇ ያዘች። ላይ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ በቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። እንጦጦ ማርያም በሰው ተጥለቅልቃለች። የካህናቱን ጥላ አነሳሁ። የእሸት ጠባሿን ፍም አነሳሁ። አጥር ላይ የተደገፈ የሽማግሌ በትር ሳይቀር አነሳሁ፤ በትሩን እንኳ አልነፈግሁትም።

ስንመለስ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆም አለች።

"ወንድም ጋሼ፣ ስንት ቀረህ?"

"አንድ።"

"እንግዲያው እኔን።"

ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ጥልፉን አሳየች። ጫማዋን አጥልቃ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። ጎንበስ ብዬ በካሜራው አየኋትና ሳቄ መጣ።

"ምን ሆነሻል? ምሰሶ መሰልሽ እኮ!"

"ፎቶ አይደል እንዴ! እንዴት ልቁም ታዲያ?"

"ዙሪና ቁልቁል ሂጂ። ብርሃኑ አበባው ላይ ነው፤ ከኋላ ነው የሚያምረው።"

"ጥልፌስ?"

"ጥልፍሽን በሌላ ፊልም።"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ "እሺ" ብላ ዞረች፤ አደዩን በእጇ እየዳበሰች ወረደች። ተጫንኩት። እውነቱን ልናገር፣ ፎቶው ያምራል። እስከ ዛሬም የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ራሴን አለች። ተስቦ ነበር። ሐኪም ቤትም ጠበልም አደረስናት፤ ሁለት ሳምንት አልሞላትም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቴ ያንን ቀሚስ ከከፈኗ ሥር አልብሳ ሸኘቻት።

በሰፈራችን ደንብ በሣልስቱ ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። አልቃሿ እሱን እያየች ትገጥማለች፣ ለቀስተኛው ፊቱን አይቶ ያነባል። ፎቶ ያልነበረው ሰው ልብሱ ይያዛል። ጠዋት እናቴ አጠገቤ መጥታ "ፎቶዋን አምጣልኝ" አለችኝ። ባለ ካሜራ ልጅ አላት፤ እንደማይቸግራት እርግጠኛ ነበረች። ፎቶዎቹን የማኖርበትን የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቼ ሰጠኋት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። በር፣ ግድግዳ፣ ቃሪያ፣ ቆርቆሮ፣ በትር። ሁሉንም ካየች በኋላ ቀና አለች።

"ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ግድግዳ ስታነሳ እህትህ የት ነበረች?"

አጠገቤ ነበረች ማለት አቃተኝ።

የጀርባዋን ፎቶ ይዛው ወጣች። ሌላ ምን ትያዝ? ድንኳኑ መሐል ከፍ አድርጋ ስታነሳው ለቀስተኛው አንገቱን አስግጎ አየ፤ ሰው የለቅሶ ፎቶ ሲያይ ዓይን ነው የሚፈልገው። ከዚያ አልቃሿ እንዲህ ብላ ገጠመች፦

ፊትሽን አዙሪልን አንቺ ልጅ ስንዱ፣
ጀርባሽን ሰጥተሽን ሄድሽ ወይ በመንገዱ።

ድንኳኑ ተነቃነቀ። አባቴ በኦሮምኛ ስሟን ሲጠራ ሰማሁት። እኔ ከጓሮ ወጥቼ የእንጨት ክምር ሥር ተቀመጥኩ፤ ሰው መጥቶ እስኪያነሳኝ ድረስ አልተነሳሁም።

ከአርባዋ በኋላ እናቴ ጋሽ በቀለ ዘንድ ውሰደኝ አለች። ፎቶውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

"ሊያስቀቡ ነው?" አሏት ረጋ ብለው።

"አዎን። ደግሞ... ፊቷን ሊያዞሩልኝ አይችሉም?"

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አወለቁ። "እናቴ፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ እንጂ ሰው ማዞር አልችልም" አሏት።

"እንግዲያው ይቅር" ብላ ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። እስከ ፈረንሳይ ድረስ በእግራችን ስንሄድ ፎቶውን ከደረቷ አላላቀቀችውም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ስንደርስ ካሜራውን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ብዙ ዓመት አልነካሁትም።

ከእሷ ዕቃ የቀረኝ ያ ደብተር ነው። ለመግለጥ ዓመት ፈጅቶብኛል። የጥልፉን ቀለም ለማስታወስ ብዬ ነበር፤ ውበት አያለሁ ብሎ ከተማውን ሲዞር የኖረ ሰው፣ ክረምቱን ሙሉ ዓይኑ ሥር የተጠለፈውን ቀለም አያውቀውም። እናቴን መጠየቅ ደግሞ አልደፈርኩም። በእንጦጦው ፊልም አሥራ ሁለተኛ ቁጥር ትይዩ፣ በዚያች ድብልብል ጽሕፈቷ፣ እንዲህ ይላል፦ "አደዩ ቢጫ። መንገዱ ቡላ። ባሕር ዛፉ ዳለቻ። ቀሚሴ ነጭ። ጥልፌ አይታይም እንጂ ወይን ጠጅ ነው፤ ዳርዳሩ የጌሾ ቅጠል።"

ነግሬያት ስጨርስ ሜሮን ስልኳን አነሳች። ከዚያ ሰማያዊውን ቀሚስ አጠፋችው። ልቧ ደግ ነው፤ ልታጽናናኝ ፈለገች።

"አባባ፣ ከፈለግህ እኮ ስልኩ ፊቷን ሊያዞረው ይችላል።"

እናቴ ትዝ አለችኝ። ፎቶውን በነጠላዋ የጠቀለለችበት እጇ ታየኝ።

"የማንን ፊት ሊሰጣት ነው?" አልኳት። "አያውቃትም እኮ።"

ሜሮን አልበሙን ዘጋችና እጄን ይዛ ወደ በረንዳው ወሰደችኝ። "በል፣ እንግዲያው አንተን ላንሳህ" አለች። ፀሐይዋ በእንጦጦ በኩል ልታዘቀዝቅ ነው። እጆቼን ወደ ታች ዘርግቼ፣ አገጬን ቀና አድርጌ ቆምኩ።

"አባባ፣ ደረቅህ እኮ!" ብላ ሳቀች። "ትንሽ ዞር በል፤ ብርሃኑ ከዚያ ወገን ነው የሚያምረው።"

"አልዞርም" አልኳት። "ፊቴን አንሺው።"