ዒምራን ፍሬኑና የጠፋችው «ቻ»

የዚያን ዘመን ክረምት አሁን የለም። ነሐሴ ሲገባ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የካ ሲደርስ እንደ ጭነት መኪና ያጓራ ነበር። ልብስ አይደርቅ፣ ከሰል አይያያዝ፤ ቤቱም ሰዉም እርጥብ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። እንዲያም ሆኖ ደስ ይለኝ ነበር። የእኔ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ዝናቡ ሲበረታ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን እያዘለ ይመጣልኛል። ያ ሁሉ ሰው በአንዲት ክፍል ተጠጋግቶ ሲቀመጥ የነበረው ሙቀት ዛሬም ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ጎርፉ የከይሪያን አጥር ጥሶ ገባ። ከይሪያ ከቤቴ ዝቅ ብላ ያለች፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ የእሷ ዒድ የእኔ፣ የእኔ ፋሲካ የእሷ ነበር። ጎርፉ ፍራሽ ወሰደ፣ ባልዲ ወሰደ፣ ለልጇ ለዒምራን ለዒድ የተገዛለትን አዲስ የላስቲክ ጫማም ይዞ ሄደ። ልጁ ያኔ ትንሽ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሞ በመስኮት ያያል።

«እማዬ፣ ጫማዬን የት ወሰደው?» አላት።

«ባሕር ገባ። በቃ እርሳው» አለችው።

አልረሳውም። በእኛ ሰፈር ባሕር የሚባል ነገር ያለው በዛፉ ስም ላይ ብቻ ነው፤ ዒምራን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከማያውቀው ባሕር ጋር ተቀያየመ። ባሕሩ ወሬውም አልደረሰው።

አድጎ የሚኒባስ ሹፌር ሆነ፤ ከመገናኛ ኮተቤ ይጭናል። ስሙን ግን የሚጠራው ሰው ጠፋ፤ «ፍሬኑ» አሉት። ገና መብራቱ ከሩቅ ቢጫ ሲሆን ፍሬን ይይዛል፣ ዳገት ላይ ይይዛል፣ ሜዳ ላይም ምንም ሳይኖር ይይዛል። አንድ ቀን እኔም ተሳፍሬ ሳለሁ ከኋላ አንዱ፣ «ሹፌር፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፤ ልጁ ጢም ሳያወጣ አድርሰኝ!» ብሎ መኪናውን በሳቅ ሞላው። ዒምራን ዘወርም አላለ። «ጢም ካወጣ ራሱ ይመጣል» አለና ፍሬን ያዘ። እውነቱን ለመናገር ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም።

ሱንዱስን ያገኛት እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ሲግናል ሰፈር አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢና ትቀመጣለች። ሌላው ሰው ሲሰድበው እሷ፣ «ተዉት፣ ሰው ማድረስ ነው ሥራው» ትል ነበር አሉ። በዚህ ተያዘ።

የሱንዱስ አባት የአሰብ መንገድ ሹፌር የነበሩ ናቸው። ልጅ ሆና ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ባሕሩን ያወሩላታል፤ እንዴት ማለቂያ እንደሌለው፣ እንዴት እንደሚተነፍስ። አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ ብለዋት ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ቀጥሎም እሳቸው አረፉ። ልጅቱ ውስጥ ያ ነገር ቀረ። ካገባሁ መጀመሪያ የማደርገው ባሕር ማየት ነው ትል እንደነበር አክስቷ ሀውላ ነግራኛለች።

በኒካሁ፣ በጋብቻ ውሉ ቀን፣ እኛ ሴቶቹ ከሙሽራዋ ጋር ጓዳ ነን፣ ወንዶቹ ሳሎን ናቸው። አጎቷ ሐጂ አብዱልናስር ወደ ጓዳ መጥተው መህሯን፣ ማለት ባል ለሚስቱ የሚሰጠውን፣ ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት። ሱንዱስ አንገቷን ደፍታ ነገረቻቸው። ድምፅዋ ለእኛም በቅጡ አልተሰማንም። ሐጂ ደግሞ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። ኮሪደሩን አቋርጠው ሳሎን ገቡና ጮክ ብለው፣ «ወርቅ አልፈልግም ብላለች። ባሕር ዳር ይውሰደኝ ነው ያለችው!» አሉ።

ወርቅ ይጠራብናል ብለው የፈሩት የዒምራን ወገኖች «ማሻአላህ!» አሉ። ከይሪያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «ባሕር ዳር ምን አላት? ዘመድ ይኖራት ይሆን?» አለችኝ።

«ዓሣውን ወዳ ይሆናል» አልኳት።

ድሮ ጫጉላ ማለት ቤት ተዘግቶ መቀመጥ ነበር። አሁን ሃኒሙን ይሉታል፣ ሻንጣ ይፈልጋል። ዒምራን ደግሞ መንገዱን አላምንም ብሎ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠ። ገንዘብ አልነበረም ችግሩ፤ ሲቆጥብ የኖረ ልጅ ነው። ከሠርጉ ማግስት እኔና ከይሪያ ባለንበት ትኬቱን ለሚስቱ ሰጣት። ሱንዱስ አነበበችው። ገልብጣም አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ባሕር ዳር።»

«ይሄ ከተማው ነው!»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ባሕር ዳርቻ!»

«ባሕር ዳር ነው የተባለው። ስንት ሰው ሰምቷል!»

«ቻዋስ? ቻዋን የት ጣላችኋት?»

ከይሪያ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ዒምራን ግን ተስፋ አልቆረጠም። «ሱንዱስዬ፣ ጣናም እኮ ባሕር ነው። ዳር አለው፣ ጀልባ አለው…»

«እኔ ጨው ያለውን ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። ትናንት ሙሽራ ሆና ስትስቅ የነበረችው ልጅ አለቀሰች።

ነገሩ ሐጂ አብዱልናስር ዘንድ ደረሰ። ሰውየው ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ «ቻዋ የወደቀችው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ግን መህር የሴቲቱ ነው። ዳርቻ ካለች ዳርቻ ነው።»

እንግዲህ ዒምራን አደጋ የሌለበት ባሕር ፍለጋ ወጣ። ምስክር ይሁኑኝ ብሎ እኔን ይዞ መገናኛ አጠገብ ያለ አንድ የጉዞ ቢሮ ሄደ። ሶሬቲ የምትባል ፈገግተኛ ልጅ ተቀበለችን።

«ዛንዚባር አለ፣ ሞምባሳ አለ፣ ማልዲቭስ አለ። ሁሉም ለሃኒሙን አሪፍ ናቸው።»

«ሴፍ የቱ ነው?»

«ሁሉም ሴፍ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ሁሉም ቆላ ነው አይደል? ደጋ ላይ ያለ ባሕር አይገኝም?»

«አ… አይገኝም።»

«ጥልቀቱስ?»

«የምኑ?»

«የባሕሩ።»

«እሱ እንግዲህ እስከገቡበት ድረስ ነው።»

«አጥር አለው?»

ልጅቱ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ማልዲቭስ ቢሄዱ» አለች፣ የረዳችው መስሏት፣ «ቤቱ ራሱ ውሃው ላይ ነው የተሠራው። ከአልጋ ሲወርዱ ባሕር!»

ዒምራን ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሚያርፍበት አጣ። ሞምባሳ ወባ አለ፤ ዛንዚባር ዙሪያውን ውሃ ስለሆነ መውጫ የለውም፤ ጅቡቲ ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። ጋቢና የሚቀመጠውን ሁሉ ይጠይቃል። እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ሱንዱስን እንጦጦ ፓርክ ወሰዳት። ጉሙ ከተማውን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል፣ የሕንፃ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ይላል።

«ይኸው» አላት፣ «ባሕር አይመስልም? ደግሞ አያሰጥምም።»

ሱንዱስ ጉሙንም እሱንም አየች አሉ። ከዚያ፣ «አባቴ በወሬ አሳየኝ። አንተ ደግሞ በጉም ልታሳየኝ ነው?» አለችው።

ማታውን ልብሷን ይዛ ኮተቤ አክስቷ ቤት ገባች። አልፈታሁትም፣ መህሬ ሲከፈለኝ እመለሳለሁ ነው ያለችው። ሳምንት ሆነ፣ ወርም ሊሆን ተቃረበ። ጠዋት ጋቢና መቀመጧንም ተወች፤ በሌላ ሚኒባስ መሄድ ጀመረች። ዒምራን በመስተዋቱ ያያታል፣ በሌላ ሹፌር መኪና ስታልፈው። ማን አያልፈውም!

እኔ ዘንድ መጣ። ከሰል ዳር ተቀመጠ።

«እማማ፣ ከሰጠምኩስ?»

«ዒምራኔ፣ አሁንስ ሰጥመህ አይደል እንዴ ያለኸው?» አልኩት።

ከሰሉን ቆስቁሶልኝ ወጣ። በማግስቱ አንድ ጋቢና የተቀመጠ ነጋዴ፣ «ዛንዚባር በምሥራቅ በኩል ያለው ባሕር ከጉልበት አያልፍም፤ ወላሂ፣ ስሄድበት ነው የከረምኩት» አለው። ይህ ለዒምራን በቂ ነበር። ቀጥታ ኮተቤ ነድቶ የሀውላን በር አንኳኳ።

የሆነውን የነገረችኝ ሱንዱስ ራሷ ናት፤ ከዛንዚባር ከመጡ በኋላ እኔ ቤት ተቀምጣ።

«እማማ፣ ስንደርስ ባሕሩ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ሸሽቷል። አሸዋ ብቻ። ውሃው ከሩቅ እንደ ክር ይታያል። ዒምራን ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹አልሃምዱሊላህ፣ ደርቋል!› አለ።»

ሰውየው ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የመኪና ማቆሚያ ቦታ እንደሚመርጥ ሰው አሸዋው ላይ እየተንጎራደደ ሩቅ ሄደ። እዚያ ማዶ ከውሃው የሆነ ሣር የሚለቅሙ ሴቶች ነበሩ። እነሱ ሰብስበው ሲመለሱ በቋንቋቸው ጮኹለት። ሰላምታ መስሎት እጁን አውለበለበላቸው። የባሕር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ውሃው በሰዓቱ ወጥቶ በሰዓቱ እንደሚመለስ፣ የየካ ልጅ ከየት ያውቃል?

«ማዕበል እንኳ የለውም፣ እማማ። ዝም ብሎ ከኋላው መጣ። ቁርጭምጭሚቱን ያዘው፣ ከዚያ ጉልበቱን። ያን ጊዜ ፍሬን ያዘ። ደርቆ ቀረ። ብጣራ አይሰማ! እኔም ዋና አልችልም፣ ግን ገባሁ። ‹አንተ ሹፌር፣ ማርሽ አስገባና ተከተለኝ!› አልኩት። እጁን ይዤ ጥቂት እንደሄድን እኔ ቆምኩ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ባሕሩን አየሁታ። ዒምራንን እያየሁ ነው የገባሁት፣ ባሕሩን አላየሁትም ነበር። ቀና ስል እስከ ሰማይ ድረስ ባሕር ብቻ ነው። ልክ አባቴ እንዳለው። ይተነፍሳል። እንባዬ መጣ። ውሃው ወገባችን ጋ ደርሷል። ዒምራን ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ያውም በዚያ ሙቀት። እንሂድ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ‹ጨርሺ። እቆማለሁ› አለኝ። ቆመ። እስክጨርስ ቆመ።»

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «መህሬን ያን ጊዜ ተቀበልኩ» አለችኝ።

ዒምራንን ብትጠይቁት ሌላ ነው የሚያወራው። ከዛንዚባር ተመልሶ ለጋቢና ተሳፋሪ ስለ ባሕር ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ። «ባሕር ምንም አይደል፤ ሰዓቱን ማወቅ ነው» ይላል። ከጉልበት አያልፍም ያለውን ነጋዴ ግን ዛሬም ይፈልገዋል።

ያ ሰፈር አሁን ፈርሷል። መንገዱ ሰፋ፣ እኛም ተበተንን። እኔ ልጄ ዘንድ ነኝ፤ ከይሪያ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ለመጨረሻ ጊዜ እንደነገረችኝ ዒምራንና ሱንዱስ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እሱ ከዚያ መገናኛ ይጭናል።